ዜና ክርክር ዘቅባት ወዘተዋሕዶ

አፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀብሎ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የአባቶቻችሁን ሃይማኖት ያዙ ብሎ አዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። የሮማን ሃይማኖት ያስተማሩት ኢየሱሳውያን ተሰደዱ፤ የቀሰቀሱት ክርክር ግን አብሯቸው አልወጣም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቁጥር 38 ጴጥሮስ በቆርኔሌዎስ ቤት ሲሰብክ፣ እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ይናገራል። ሥጋ ከመለኮት ጋር ከተዋሐደ ዘንድ ያ ቅባት ምን ሠራ? የኤዎስጣቴዎስ ቤት መነኮሳትና የጎጃም ሊቃውንት አብ ቀባዒ፣ ወልድ ተቀባዒ፣ መንፈስ ቅዱስ ቅብዕ አሉ፤ ሥጋ በቅባት የባሕርይ ልጅ ሆነ ማለታቸው ነው። ተዋሕዶዎች፣ ኋላ ካራ የተባሉት፣ ወልድ ራሱ ቀባዒ፣ ራሱ ተቀባዒ፣ ራሱ ቅብዕ ነው ብለው መለሱ፤ ለሥጋ ክብር ተዋሕዶው ይበቃዋል ባይ ናቸው። ላልተማረ ሰው የአንዲት ግስ ጠብ ይመስላል። ለእነርሱ ግን የወልድ ክብር የተንጠለጠለው በዚያች ግስ ላይ ነበር።

ሁለቱም ወገን መንፈስ ቅዱስ ለአባቶቻችን የገለጠው የኛን ነው ይል ነበር። እንግዲህ ዳኛው ማን ነበረ? በ1700 ዓ.ም. የነገሠው ቴዎፍሎስ ቅባትን አወጀ፤ ጎጃምን ደስ ለማሰኘት ነው ይባላል። ከእርሱ በኋላ በ1708 የነገሠው ዳዊትም ለቅባት ፈረደ፤ ፍርዱን አንቀበልም ያሉ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በንጉሡ ጭፍሮች ጎንደር ላይ ታረዱ። በ1846 አምባጫራ ላይ ካሣ ኃይሉ፣ ኋላ ቴዎድሮስ የተባለው፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ሆኖ ተዋሕዶን አጸና። በግንቦት 1870 ደግሞ ቦሩ ሜዳ ላይ ዮሐንስ አራተኛ ጉባኤ ሠራ፤ ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ ተዋሕዶም ረታ። አንዱ መንፈስ ለአንዱ ዙፋን ትናንት ቅባት፣ ዛሬ ተዋሕዶ አይልም። የተለዋወጠው የንጉሡ ፈቃድ ነው፤ እኔም ከዚህ ተነሥቼ ዙፋኑ መንፈስ ቅዱስ ስለ ገለጠው ምሥጢር ምስክር ሊሆን አይችልም እላለሁ።

ታዲያ ኒቅያንስ የሰበሰበው ቆስጠንጢኖስ አይደለም ወይ የሚል አይጠፋም። ነው። ነገር ግን ለኒቅያ ቃል የቆመውን አትናቴዎስን ያሰደደው ያው ቆስጠንጢኖስ ነው፤ ልጁ ቆስጠንጢዮስም ከአርዮሳውያን ወገን ቆመ፤ አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ተሰደደ። የኒቅያ ቃል ቤተ መንግሥት ፊቱን ካዞረበት በኋላም ቆመ። መጥራትና ማጽናት ለየቅል ናቸው።

ይህ መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፦ ከአዋጅ ማለፍ ማስረጃ ከሆነ፣ ቅባትም አዋጁን አልፎ ኖሯልና እርሱም እውነት ነው ማለት አይደለምን? አይደለም። ስሕተትም በባላባት፣ በርስት፣ በመምህር ፍቅር ዕድሜ ያገኛል። ዕድሜው የሚያሳየው አዋጁ ልብን አለማሳመኑን ብቻ ነው። ማሳመን የጉባኤ ቤት ሥራ ነው፤ እዚያ መምህሩ አንዱን ንባብ ይዞ አንድም እያለ ፍቺ በፍቺ ላይ ይደርባል፣ ደቀ መዝሙሩም ይጠይቃል። አዋጅ ነጋሪ አንድም ብሎ አያውቅም። ስለዚህም የጎጃሙ አዳል ተሰማ በ1873 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብሎ ሲነግሥ፣ መንቆረርም በቤተ ክርስቲያኑ ስም ደብረ ማርቆስ ስትባል፣ ጎጃም በአዋጅ ተዋሕዶ ነበረች፤ በምሥራቅ ጎጃም ገዳማት ግን ቅባት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር መተላለፉን አልተወም።