ተረፈ ምርት እስከ መቼ ተረፈ ምርት ነው? የእርሾ ኢንዱስትሪ ታሪክ ከበርሊን እስከ ፊንጫ



ዛሬ የማቀርብላችሁ እርሾን በመጠቀም የፋብሪካ ተረፈ ምርትንና ፍሳሽን ወደ ጠቃሚ ውጤት የመለወጥን ታሪክ ነው። ኢንዱስትሪያዊ ማይክሮባዮሎጂን ባስተማርሁባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ አዘውትረው የሚያነሡልኝ ጥያቄ «እርሾው ይህን መሥራት ይችላል ወይ?» የሚል ነው። ታሪኩን ስንመረምር እርሾው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቻለ እንረዳለን። የፋብሪካዎቹን ዕድል የወሰነው የጥሬ ዕቃው ነገር ነበር፤ ተረፈ ምርት ያሉት ነገር ዋጋ ሲያወጣ በእርሱ ላይ የተሠራው ስሌት ይፈርሳል። ይህን በሦስት ምዕራፎች አሳይቼ ወደ አገራችን እመለሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ሥነ ሕይወቱን ባጭሩ ላስታውስ። እርሾ አየር ሲያጣ ስኳርን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል፤ ከ100 ግራም ግሉኮስ ቢበዛ 51 ግራም አልኮል ይገኛል። አየር በበቂ ሁኔታ ሲያገኝና ስኳሩ በጥቂት በጥቂቱ ሲቀርብለት ደግሞ ይራባል፤ ከ100 ግራም ስኳር ወደ 50 ግራም የሚጠጋ ደረቅ እርሾ ይሰጣል፤ የዚህም ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ሉዊ ፓስተር በ1850ዎቹ መጨረሻ ባደረጋቸው ሙከራዎች እርሾ በስኳር፣ በአሞኒየም ጨውና በጥቂት ማዕድናት ብቻ ሊራባ እንደሚችል አሳይቶ ነበር። ርካሽ የናይትሮጅን ጨው ወደ ፕሮቲን ሊለወጥ እንደሚችል የታወቀው በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ በርሊን ላይ ይጀምራል። በ1910 አካባቢ ማክስ ዴልብሩክ (የኖቤል ተሸላሚው ሞክሼው እንጂ እርሱ አይደለም) ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከቢራ ጠመቃ የሚተርፈውን እርሾ አድርቆ ለከብት መኖ የማዋልን ጉዳይ ያጠና ነበር። የጠላ አተላ ለከብት ሲሰጥ እያየን ላደግን ለእኛ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈንድቶ የብሪታንያ የባሕር ኃይል ወደ ጀርመን የሚገባውን መኖና እህል ሲዘጋ ግን የቢራው ትራፊ አልበቃም። ስለዚህ እርሾውን ራሱን በሞላሰስና በአሞኒየም ጨው ማርባት ተጀመረ። ስኳሩን በጥቂት በጥቂቱ የመጨመር ዘዴም በ1915 በሃይዱክ ስም የባለቤትነት መብት ተመዘገበለት። ጦርነቱ አብቅቶ መኖ ከውጭ መግባት ሲጀምር የመኖ እርሾው ገበያውን አጣ፤ ዘዴው ግን በዳቦ እርሾ ፋብሪካዎች ቀጠለ። የስኳር ፋብሪካ ትራፊ የነበረው ሞላሰስም ለዳቦ እርሾ ዋና ጥሬ ዕቃ ሆነ።

ሁለተኛው ምዕራፍ የወረቀት ፋብሪካ ነው። እንጨት በሰልፋይት ሲቀቀል ግማሽ ያህሉ ይሟሟና በፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። በዚያ ፈሳሽ ካለው ስኳር ከፊሉ የዳቦ እርሾ ሊጠቀምበት የማይችለው ዛይሎስ ነው። ቶሩላ የሚባለው እርሾ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ካንዲዳ ዩቲሊስ፣ ይህንንም ይመገባል። ጀርመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቶሩላን በዚህ ፈሳሽና ከእንጨት በሚወጣ ስኳር አርብታ በሾርባና በቋሊማ ውስጥ እየጨመረች ሠራዊቷን መግባለች። ከጦርነቱ በኋላም በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ራይንላንደር በምትባል ከተማ ሥራው ቀጥሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፈሳሹ ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርስና ዓሣ ይፈጃል። ስለዚህ እርሾው ለፋብሪካው ሁለት አገልግሎት ይሰጣል፦ የሚሸጥ ምርት ያስገኛል፤ ብክለቱንም ይቀንሳል።

ሦስተኛው ምዕራፍ ነዳጅ ዘይት ነው። በደቡብ ፈረንሳይ፣ ማርሴይ አጠገብ በሚገኘው የላቬራ ማጣሪያ አልፍሬድ ሻምፓኛ የሚመራው ቡድን በናፍጣ ውስጥ ያለውን ሰም መሰል ፓራፊን የሚመገብ እርሾ ያረባ ነበር። ናፍጣን በብርድ የሚያረጋው ይህ ፓራፊን ስለ ሆነ እርሾው ነዳጁን ያጠራል፣ ራሱም መኖ ይሆናል ተብሎ ታሰበ። ሳይንሱ የሠመረ ስለ ነበር ሻምፓኛ በ1976 የዩኔስኮን የሳይንስ ሽልማት ተቀበለ። ይሁን እንጂ ከ1973 ጀምሮ የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ያህል አሻቀበ፤ የጥሬ ዕቃው ርካሽነትም አበቃ። በሰርዲኒያ፣ ሳሮክ ላይ በዓመት 100,000 ቶን እንዲያመርት የተሠራው ፋብሪካ ደግሞ የኢጣሊያ የጤና ባለሥልጣናት ፈቃድ ስለ ነፈጉት ሥራውን በወጉ ሳይጀምር ቀረ። ከነዳጅ የተገኘ መኖ የበላ እንስሳ ሥጋው ለሰው ደኅና ነው ወይ የሚለው የሕዝብ ጥርጣሬ በቤተ ሙከራ ውጤት ብቻ የሚፈታ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ሲጀምር የሞላሰሳችንም ታሪክ ተጀመረ። በፊንጫና በመተሐራ እርሾ ሞላሰስን ወደ ኢታኖል ለውጧል፤ ከ2008 አንሥቶም ኢታኖል በመቶ 5 እጅ እየተቀላቀለ በአዲስ አበባ ለመኪና ነዳጅነት ውሏል። ይሁንና ሞላሰስን ከብት አድላቢውም፣ የአልኮል አምራቹም ይፈልገዋል። ብዙ ፈላጊ ያለውን ነገር ተረፈ ምርት ብሎ በነጻ እንደሚገኝ አድርጎ ማስላት የላቬራን ስሌት መድገም ነው።

ፈላጊ ያጣው ሌላ ነው። አንድ ሊትር ኢታኖል ሲመረት ከ10 እስከ 15 ሊትር ቪናስ የሚባል ፍሳሽ ይቀራል። በእርጥብ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎቻችንም ስኳር ያዘለ ውሃ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ይህ ውሃ ቀጭን ነው፤ ጣቢያዎቹ የተበታተኑ ናቸው፤ የሥራው ወቅትም በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ችግሩ ከባድ ቢሆንም ለምርምር የሚገባው እርሱ ይመስለኛል።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ስትመርጡ ከእርሾው ዝርያ አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህን ትራፊ ሌላ ማን ይገዛዋል? ማንም ባያነሣው የት ይፈስሳል? የሚወጣውንስ ምርት ማን ይበላዋል፣ ማንስ ይፈቅደዋል? መልሱ የሚገኘው በገበያ፣ በወንዝ ዳርና በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለ ሆነ ከቤተ ሙከራው መውጣት ግድ ይላችኋል።