የሲንጋፖር የንግድ ሠፈር አመሠራረትና የመሬቱ ነገር

በሲንጋፖር ከተማ ቴሎክ አየር በሚባለው ጎዳና ዳር ቲያን ሆክ ኬንግ የተባለ የቻይናውያን ቤተ መቅደስ ይገኛል። ሥራው በ1839 ተጀምሮ በ1842 የተፈጸመ ሲሆን፣ ያሠሩትም ከፉጂያን አገር በመርከብ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ቤቱ የቆመው ማዙ ለምትባለው የባሕር አምላክ ነው፤ ማዕበሉን አልፈው በደኅና የደረሱ ሰዎች እግራቸው መሬት እንደ ረገጠ ምስጋናቸውን የሚያቀርቡት በዚያ ነበር። ስለዚህም በሩ ወደ ባሕር የዞረ ነው። ዛሬ ግን በዚያ በር ቆሞ የሚመለከት ሰው የሚያየው ውኃ ሳይሆን ረጃጅም የመሥሪያ ቤት ሕንጻዎችን ነው። ሳይለወጥ የቀረው የጎዳናው ስም ብቻ ነው፤ ቴሎክ አየር ማለት በማላይ ቋንቋ የውኃ ሰላጤ ማለት ነውና። («አየር» በዚያ ቋንቋ ውኃ እንጂ እንደኛ የሚተነፈሰው አይደለም።)

በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው፣ ያ ባሕር ወዴት ሄደ፣ በባሕሩስ ፋንታ የተተካው መሬት የማን ሆነ የሚለውን ነው። ስለ ሲንጋፖር የሚጽፉ ብዙ ሰዎች የባንኮቹንና የኩባንያዎቹን ሠፈር አይተው ተአምር ይሉታል። እኛ ግን ተአምር የሚለው ቃል ለታሪክ ተማሪ የሚመች አይመስለንም፤ መጠየቅን ያስቀራልና። በጽሑፋችን የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም የነበረው ስታምፎርድ ራፍልስ በጥር ወር 1819 በደሴቲቱ ወርዶ፣ በየካቲት 6 ቀን ከሱልጣን ሁሴንና ከተመንጎንግ አብዱል ራህማን ጋር ውል ተዋዋለ። ወደቡ ከቀረጥ ነጻ እንዲሆን ተደረገ። ራፍልስ ሲሄድ ዊልያም ፋርኩሃርን ሹሞ፣ ከወንዙ በስተ ሰሜን ያለው መልካም ሜዳ ለመንግሥት ሥራ እንዲጠበቅ አዝዞት ነበር። ነገር ግን በ1822 ተመልሶ ቢመጣ ነጋዴዎቹ በዚያው ሜዳ ቤትና መጋዘን ሠርተው አገኛቸው። እነርሱን መንቀል ግድ ሆነበት፤ ይሁን እንጂ ወዴት ይንቀላቸው? ከወንዙ በስተ ደቡብ ያለው ዳርቻ የባሕሩ ውኃ ሲሞላ የሚሰጥም ረግረግ ነበር።

ራፍልስ የወሰደው ዘዴ የከተማይቱን የኋላ ታሪክ ሁሉ አስቀድሞ ያሳየ ነው ለማለት እንደፍራለን። ከረግረጉ አጠገብ የነበረውን ኮረብታ አስቆፍሮ፣ አፈሩን በረግረጉ ላይ አስደፋ። ኮረብታው የተናደበት ቦታ የንግድ አደባባይ ሆነ፤ ረግረጉም ተደልድሎ ቦት ኪ የሚባለው የጀልባ ማራገፊያ ሆነ። ሥራውን የሠሩት ቻይናውያን፣ ማላዮችና ሕንዶች የቀን ሠራተኞች ሲሆኑ፣ በዚያን ጊዜ በከተማይቱ የነበረው የማላይ ጸሐፊ ሙንሺ አብዱላህ የሕይወቱን ታሪክ በጻፈበት መጽሐፍ ነገሩን ተርኮታል። መጽሐፉ በ1849 ታትሟል። የዚያ አደባባይ ስም በ1858 ራፍልስ ፕሌስ ተብሎ ተለወጠ። እንግዲህ የዛሬው የንግድ ሠፈር እምብርት ተፈጥሮ ያዘጋጀችው አይደለም፤ በትእዛዝ የተናደ ኮረብታ ነው። ነጋዴዎቹም የሄዱት ተመኝተው ሳይሆን ተገፍተው ነው።

ከዚያ በኋላ ሀብቱ በፍጥነት መጣ። በቦት ኪ ወንዙ ስለሚታጠፍ ዳርቻው እንደ ዓሣ ሆድ የተቆለመመ ነው፤ ቻይናውያን ይህን እንደ መልካም ገድ ይቆጥሩት ነበር። ትልልቆቹ መርከቦች በውጭ ባሕር መልሕቅ ጥለው ሲቆሙ፣ በፊታቸው ዓይን የተሣለባቸው ጀልባዎች ዕቃውን ወደ ወንዙ ያመላልሳሉ፤ ተሸካሚዎቹም ጆንያውን በጫንቃቸው ይዘው በቀጭን ሳንቃ ላይ እየተረማመዱ ወደ መጋዘን ያስገባሉ። ከመጋዘኑ በላይ ነጋዴው ከነቤተሰቡ ይኖራል። ታቹ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ የሆነው ይህ ቤት ኋላ ለሚነሣው ክርክር ዋና ነገር ስለሆነ አንባቢ ልብ ይበለው። በራፍልስ ፕሌስ በኩል የነበሩት የአውሮፓውያን መጋዘኖች ደግሞ ጀርባቸው በቀጥታ በባሕሩ ላይ ነበር፤ በ1864 የባሕር ግንብ ተሠርቶ ኮልየር ኪ የተባለው መንገድ ሲወጣ ባሕሩ ከጀርባቸው አንድ እርምጃ ራቀ።

በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ። በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች በዙ፤ መሬቱም ጠበበ። ስለዚህ ከ1879 ጀምሮ ማውንት ዎሊክ የተባለው ኮረብታ እየተናደ ወደ ቴሎክ አየር ሰላጤ ተጣለ። የማዙ ቤተ መቅደስ ከባሕሩ የተለየው በዚህ ጊዜ ነው። ሮቢንሰን ሮድና ሴሲል ስትሪት የተባሉት ጎዳናዎች የተዘረጉት፣ ስምንት ማዕዘን ያለው የብረት ገበያም በ1894 የተከፈተው በዚሁ በአዲሱ መሬት ላይ ነው። ሼንተን ዌይም በሌላ ጊዜ ከባሕር በተነጠቀ ቦታ ላይ የወጣ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከአገረ ገዡ ከሼንተን ቶማስ ነው። በዘመኑም ክፉው ቀን መጣ፤ በታኅሣሥ 8 ቀን 1941 የጃፓን አውሮፕላኖች ቦምብ ከጣሉባቸው ሥፍራዎች አንዱ ራፍልስ ፕሌስ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የተነሣው ጥያቄ አፈር በመድፋት የሚፈታ አልነበረም። በ1947 የወጣው የቤት ኪራይ ሕግ፣ የቆዩት ቤቶች ኪራይ በነሐሴ ወር 1939 ከነበረው እንዳያልፍ ከለከለ። ሕጉ ለተከራይ ርኅራኄ ነበር፤ ፍሬው ግን መራራም ሆነ። ባለቤቱ ገቢው ስላነሰ ቤቱን አያድስም፤ ተከራዩም በርካሽ የያዘውን ክፍል በጣውላ እየከፋፈለ ለሌሎች ያከራያል። በአንድ ሱቅ ላይ ብዙ ቤተሰብ ተጨናንቆ ይኖር ጀመር። መሬቱም በጣም ትናንሽ በሆኑ ቁራሾች ለብዙ ባለርስቶች የተከፋፈለ ስለ ነበረ፣ ትልቅ ሕንጻ ልሥራ የሚል ሰው ከሁሉም ጋር መዋዋል ነበረበት።

ሲንጋፖር በነሐሴ 9 ቀን 1965 ከማሌዢያ ተለይታ ነጻ መንግሥት ስትሆን፣ መንግሥት ይህን ቋጠሮ በሕግ ቆረጠው። በ1966 የወጣው የመሬት ማስለቀቂያ ሕግ ለሕዝብ ጥቅም፣ ለመኖሪያም ሆነ ለንግድና ለኢንዱስትሪ፣ መሬት እንዲወሰድ ፈቀደ። የ1969ኙ ልዩ ሕግ ደግሞ በንግዱ ሠፈር ያሉ ባለቤቶች ካሣ እየከፈሉ ተከራዮቻቸውን ለማስለቀቅ እንዲችሉ አደረገ። ሠፈሩም በካርታ ላይ መልኩ ጫማ ስለሚመስል «የወርቅ ጫማ» ተባለ። ከ1967 ጀምሮ መንግሥት የሰበሰበውን መሬት በጨረታ ለ99 ዓመት ያከራይ ጀመር፤ በሼንተን ዌይም ረጃጅሞቹ ሕንጻዎች ተነሡ። በ1968 የእስያ ዶላር ገበያ ተከፈተ፤ የሲንጋፖር ሰዓት የአሜሪካ ባንኮች ዘግተው የአውሮፓ ባንኮች ሳይከፍቱ ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነበር። እስከ 1995 ድረስ ሦስት ሕንጻዎች እያንዳንዳቸው 280 ሜትር ደረሱ፤ ከዚያ በላይ እንዳይወጡ የከለከላቸው የአውሮፕላን በረራ ሕግ ነው።

ይህን ሁሉ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን የካሣው ነገር ነው። በ1973 ሕጉ ተሻሽሎ፣ ለተወሰደ መሬት የሚከፈለው ዋጋ በኅዳር 30 ቀን 1973 ከነበረው ወይም መሬቱ እንደሚወሰድ በታወጀበት ቀን ካለው፣ ያነሰው እንዲሆን ታዘዘ። ቀኑ ኋላ እየተገፋ ቢመጣም ሙሉ የገበያ ዋጋ መከፈል የጀመረው በ2007 ነው። በ1960 የመንግሥት ይዞታ ከአገሪቱ መሬት 44 በመቶ ያህል የነበረው በ1985 ወደ 76 በመቶ ደረሰ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊ ኳን ዩ ለዚህ የሰጡት ምክንያት ጠንካራ ነው። የመሬቱ ዋጋ የወጣው በሕዝብ ገንዘብ በተሠራው መንገድና ወደብ ነው፤ ባለርስቱ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ትርፉን ስለምን ይወስዳል? አሉ። እኛም መሬቱ ራሱ ከባሕር እንዴት እንደ ወጣ ከተመለከትን በኋላ ይህን ክርክር በቀላሉ ልንጥለው አልቻልንም። ነገር ግን ክርክሩ የሚመልሰው ለትልቁ ባለርስት ነው። ከሱቁ በላይ ይኖር ለነበረው ተከራይ፣ መሬት ላልነበረው፣ ሀብቱ ደንበኛውና ጎረቤቱ ለሆነው ሰው፣ ካሣ በካሬ ሜትር አይለካም። አዲስ መኖሪያ ንጹሕ ክፍልና የቧንቧ ውኃ ሰጥቶታል፤ ይህን መካድ ሐሰት ይሆናል። የደንበኛውን እግር ግን አብሮ ሊያዛውርለት አልቻለም።

ከራፍልስ ፕሌስ ወደ ኮልየር ኪ የሚያሻግር ቼንጅ አሊ የተባለ ጠባብ መተላለፊያ ነበር፤ ገንዘብ መንዛሪዎችና ሸቀጥ ሻጮች ከመርከበኞች ጋር በልዩ ልዩ ቋንቋ ዋጋ የሚከራከሩበት። በ1989 ተዘጋ። ጀልባዎቹም በ1983 ከወንዙ ወጥተው ወደ ፓሲር ፓንጃንግ ተዛወሩ፤ ከ1977 እስከ 1987 በተደረገው ጽዳት ወንዙ ከግማቱ ዳነ፤ ከጆንያ ተሸካሚዎቹም ተለየ። በመኪናም በኩል ከሰኔ 1975 ጀምሮ በጧት ወደ ሠፈሩ የሚገባ ባለመኪና 3 ዶላር እንዲከፍል ተደረገ፤ አራት ሰው የያዘ መኪና ግን በነጻ ይገባ ነበር። ይህ በዓለም የመጀመሪያው ነው።

የሚያስገርመው የመጨረሻው ነገር ነው። ሰው ሁሉ በማታ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ሠፈር ጨለማ ይሆናል። ስለዚህ በ2019 መንግሥት ያረጁ የመሥሪያ ቤት ሕንጻዎችን አፍርሰው ወይም ለውጠው መኖሪያና ሆቴል ለሚያደርጉ ባለቤቶች ተጨማሪ ወለል የሚፈቅድ ደንብ አወጣ። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ቢሮዎቹ ባዶ ሲሆኑ ነገሩ ይበልጥ ታሰበበት። ከሃምሳ ዓመት በፊት ከሱቁ በላይ የሚኖረውን ሰው ያስለቀቀው መንግሥት አሁን በላይ የሚኖር ሰው ይፈልጋል። የሚመጣው ግን የጆንያ ተሸካሚው ልጅ ይሆናል ብለን አናስብም፤ ኪራዩ አይፈቅድለትም።

ባሕሩን በተመለከተ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከኮልየር ኪ ፊት ለፊት 360 ሄክታር ያህል መሬት ተደልድሎ ማሪና ቤይ የሚባለው አዲስ የንግድ ሠፈር ተሠራበት። በ2008 የወንዙ አፍ በግድብ ስለ ተዘጋ፣ በመካከል የቀረው ውኃ ቀስ በቀስ ጨውነቱን አጥቶ ለከተማይቱ የሚጠጣ ውኃ ማጠራቀሚያ ሆኗል። በ1973 በብሔራዊ ቅርስነት የተመዘገበው የማዙ ቤተ መቅደስ በነበረበት ቆሟል፤ ዕጣን ይጤስበታል፤ በሩም እንደ ጥንቱ ወደ ምሥራቅ ነው።