የመጀመሪያዎቹ የመኪና ባትሪዎች

የመጀመሪያዎቹ የመኪና ባትሪዎች የሚባሉት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በተሽከርካሪዎች ላይ የተገጠሙ፣ ሲያልቁ እንደገና የሚሞሉ ባትሪዎች ናቸው። አብዛኞቹ ከእርሳስና ከሰልፈሪክ አሲድ የተሠሩ ነበሩ። መጀመሪያ የታሰቡት መኪናውን ራሱን እንዲያንቀሳቅሱ ነበር፤ ኋላ ግን ዛሬም የያዙትን ሥራ ያዙ፤ ይኸውም የቤንዚን ሞተርን ማስነሳትና መብራት ማብራት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኃይልና ኢነርጂ

ስለ ባትሪ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። በሮቶ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ አንድ ነገር ነው፤ ቧንቧው ሲከፈት በአንድ ደቂቃ የሚወርደው ውኃ ደግሞ ሌላ ነው። በባትሪ የተጠራቀመው ኢነርጂ ይባላል፣ የሚለካውም በዋት-ሰዓት ነው። በአንድ ቅጽበት የሚሰጠው ግን ኃይል ሲሆን በዋት ይለካል፤ ቮልቱን በአምፔሩ በማባዛት ይገኛል። የጥንቶቹ ባትሪዎች ድክመት የኃይል ማነስ ነበር ተብሎ በተለምዶ ይነገራል። ይህ ትክክል አይደለም፤ ቀጥሎ እንደሚታየው ለአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል መስጠት ይችሉ ነበር። ያነሳቸው ኢነርጂ ነው።

አመጣጥ

በ1859 ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋስቶን ፕላንቴ ሁለት የእርሳስ ዝርጎችን በመካከላቸው ማለያያ አድርጎ ጠቀለላቸውና በውኃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነከራቸው። ከተጠቀመ በኋላ እንደገና ሊሞላ የሚችል የመጀመሪያው ባትሪ ይህ ነው። በዓመቱ ዘጠኝ ሴሎችን አንድ ላይ አያይዞ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። የአንዱ ሴል ግፊት ሁለት ቮልት ገደማ ነው፤ የዛሬው የእርሳስ ባትሪ ሴልም ከዚህ አልራቀም። ባትሪው ሲሠራ በአንዱ ፕሌት ላይ ያለው የእርሳስ ኦክሳይድም ሆነ በሌላው ላይ ያለው ንጹሕ እርሳስ ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣሉ፤ ሲሞላ ወደ ቀድሞ መልካቸው ይመለሳሉ።

የፕላንቴ ባትሪ ለመኪና አይመችም ነበር። ፕሌቶቹ በቂ ኤሌክትሪክ እንዲይዙ ደጋግሞ መሙላትና ማራገፍ ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ዲናሞ ገና ስላልተስፋፋ መሙያውም ሌላ ባትሪ ነበር! በ1881 ካሚል ፎር የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ፕሌቱን በእርሳስ ኦክሳይድ ሊጥ በመቀባት ይህን ችግር አቃለለው። ብዙም ሳይቆይ ሊጡ እንዳይረግፍ በእርሳስ ወንፊት ውስጥ መጠቅጠቅ ተጀመረ። በዚያው በ1881 ጉስታቭ ትሩቬ በባትሪ የምትሄድ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ በፓሪስ ጎዳና ነዳ።

በባትሪ የሚሄዱ መኪናዎች

በ1897 የዋልተር በርሲ የኤሌክትሪክ ታክሲዎች በለንደን ሥራ ጀመሩ። እያንዳንዱ ታክሲ 40 ሴሎች፣ ማለትም 80 ቮልት ገደማ ይዞ ነበር፤ የባትሪው ክብደት ብቻ 700 ኪሎግራም ገደማ ነበር። ሞተሩ ከ3 የፈረስ ጉልበት ብዙም የማይበልጥ ስለሆነ የሚወስደው ኃይል ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎዋት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የዛሬ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከዚህ የበለጠ ይወስዳል። ታክሲዎቹ አንድ ጊዜ ተሞልተው 50 ኪሎሜትር ገደማ ይጓዙ ነበር። ነገር ግን የመንገዱ ንዝረት ፕሌቶቹን እያበላሸ፣ ክብደቱም ጎማውን እየጨረሰ አስቸገረ፤ በ1899 አገልግሎቱ ተቋረጠ።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ 29 ቀን ቤልጂጋዊው ካሚል ዠናትዚ ከፓሪስ አቅራቢያ በምትገኘው አሼር «ላ ዠሜ ኮንታንት» በተባለች መኪና በሰዓት 105.88 ኪሎሜትር በመጓዝ የዓለምን የፍጥነት ክብረ ወሰን ያዘ። ስሟ «መቼም የማትረካ» ማለት ነው። በሰዓት 100 ኪሎሜትርን ያለፈችው የመጀመሪያዋ መኪና የቤንዚን ሳትሆን የባትሪ ነበረች። ፉልመን በተባለ ፋብሪካ የተሠሩት ሴሎቿ 200 ቮልት ይሰጡ ነበር፤ ሁለቱ ሞተሮቿ እያንዳንዳቸው 124 አምፔር ገደማ ሲወስዱ ኃይሉ በድምሩ 50 ኪሎዋት (68 የፈረስ ጉልበት) ይደርሳል። ይህን ኃይል የዛሬ ትንሽ የቤት መኪናም አይንቀውም። ግን የተለካውን አንድ ኪሎሜትር ለመጨረስ የፈጀባት 34 ሰከንድ ነው። በ50 ኪሎዋት ለ34 ሰከንድ መሮጥ ግማሽ ኪሎዋት-ሰዓት እንኳ አይፈልግም።

ያንኑ ኃይል ለአንድ ሰዓት አምጣ ቢባል ባትሪው አይችልም ነበር። የዘመኑ የእርሳስ ባትሪ በአንድ ኪሎግራም ከ10 እስከ 25 ዋት-ሰዓት ያህል ይይዛል። አንድ ኪሎግራም ቤንዚን 12,000 ዋት-ሰዓት ገደማ አለው፤ ሞተሩ አብዛኛውን በሙቀት ቢያባክነውም ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው። ከዚህም በላይ በ1897 ጀርመናዊው ቪልሄልም ፖይከርት እንዳሳየው፣ ከእርሳስ ባትሪ በፍጥነት በተቀዳ ቁጥር በጠቅላላው የሚገኘው ያንሳል። ስለዚህ ዳገት የወጣ ወይም የፈጠነ ሾፌር ሁለት ጊዜ ይከስር ነበር።

እንዲያም ሆኖ በ1900 በአሜሪካ ከተሠሩት 4,192 መኪናዎች 1,575ቱ የኤሌክትሪክ፣ 1,681ዱ የእንፋሎት ሲሆኑ የቤንዚኖቹ 936 ብቻ ነበሩ። ቶማስ ኤዲሰን የእርሳስን ክብደት ለማስቀረት የኒኬልና የብረት ባትሪ ሠራ፤ በስዊድንም ቫልደማር ዩንግነር በተመሳሳይ ነገር ላይ ሠርቶ ነበር። የኤዲሰን የመጀመሪያዎቹ ሴሎች ማፍሰስ ስለጀመሩ ሽያጩን አቁሞ አሻሻላቸው፤ በ1909 ገደማም እንደገና ወደ ገበያ አወጣቸው። በጣም የሚበረክቱ ነበሩ፤ ሆኖም የአንዱ ሴል ግፊት 1.2 ቮልት ብቻ ነው፣ በብርድም ይደክማል፣ ዋጋውም ውድ ነበር።

ሞተር ማስነሻ

በቤንዚን መኪና ላይ ባትሪ አዲስ አልነበረም። በ1885 የተሠራችው የካርል ቤንዝ መኪና ለካንዴላዋ ብልጭታ ባትሪ ትጠቀም ነበር። ኋላ ግን ማግኔቶ መጣና ባትሪው ለጊዜው ተረሳ፤ በ1908 የወጣችው ፎርድ ሞዴል ቲ ብልጭታዋን የምታገኘው ከቮላኖው ጋር ከሚዞር ማግኔቶ ነበር። ሞተሩ የሚነሳው በማኖቬላ ነው። ማኖቬላ ወደ ኋላ ሲመታ ደግሞ ክንድ ይሰብራል።

የባትሪን ዕጣ የለወጠው አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ሞተር የሚያስነሳ ሞተሪኖ ሳያቋርጥ እንዲሠራ ከተፈለገ በጣም ትልቅ መሆን አለበት፤ ኬተሪንግ ግን ሥራው የጥቂት ሰከንዶች ብቻ ስለሆነ ትንሽ ሞተር ከመጠን በላይ ቢጫንበት እንደማይቃጠል አስተዋለ። ሥርዓቱ በ1912 ካዲላክ ላይ ተገጠመ። ለማስነሳት 24 ቮልት፣ ለመብራትና ለመሙላት 6 ቮልት ይጠቀም ነበር፤ ያው ሞተሪኖ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ እንደ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል።

ለዚህ ሥራ የእርሳስ ባትሪ ድክመቱ አይታይም። በ6 ቮልት 200 አምፔር ቢሰጥ ኃይሉ 1.2 ኪሎዋት ነው፤ ለአምስት ሰከንድ ቢቆይ የሚወስደው ኢነርጂ ሁለት ዋት-ሰዓት እንኳ አይሞላም። በዚህ መንገድ ባትሪው የኤሌክትሪክ መኪናን ተቀናቃኝ ከማኖቬላ ገላገለው፤ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከገበያ እየወጡ ሄዱ።

ከ6 ወደ 12 ቮልት

በሦስት ሴሎች የሚሠራው 6 ቮልት ለብዙ ዓመታት የተለመደ ሆኖ ቆየ። ሞተሮች እየተለቁ ሲሄዱ ግን አምፔሩ በዛ። በባትሪው ጫፍ ላይ ባለ ዝገት 200 አምፔር ሲያልፍ አንድ ቮልት ቢጠፋ ከ6 ቮልቱ አንድ ስድስተኛው ባከነ ማለት ነው። በ12 ቮልት ግን ያንኑ ኃይል ለማግኘት 100 አምፔር ይበቃል፤ በዚያው ዝገት የሚጠፋው ግማሽ ቮልት፣ ማለትም ከጠቅላላው አንድ ሃያ አራተኛ ብቻ ይሆናል። የአሜሪካ ፋብሪካዎች በ1950ዎቹ ወደ 12 ቮልት ተሸጋገሩ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለረጅም ዘመን የታወቀችው ቮልስ ግን እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በ6 ቮልት ትሠራ ነበር።