ባሕር ዳር፦ የከተማና የሐይቅ ጉርብትና

ባሕር ዳር ስሟን ያገኘችው ከተቀመጠችበት ሥፍራ ነው። ባላገሩ ጣናን «ባሕር» ይለዋል፤ ከዳርቻው የሠፈረውም ሕዝብ ቀዬውን በዚያው ጠራው። ስለዚህ የከተማዋን ታሪክ ለማጥናት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ነዋሪው በየዘመኑ ከሐይቁ ጋር ምን ዓይነት ጉርብትና እንደነበረው ነው።

ዘመናዊቱ ከተማ ከመቈርቈሯ በፊት ሥፍራው በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበ መንደር ነበር። ካህናቱና ገበሬው በደብሩ አካባቢ ሲኖሩ፣ የነገደ ወይጦ ሰዎች ደግሞ ከውኃው ጠርዝ ላይ ሠፍረው ከደንገል ታንኳ ይሠሩ፣ ዓሣ ያጠምዱ፣ ጉማሬ ያድኑ፣ የወፍጮ ድንጋይም ይጠርቡ ነበር። ታንኳው ሰውንና እህልን፣ ከዘጌም ማገዶን ያመላልሳል። እንግዲህ ለዚያ ዘመን ሰው ሐይቁ መንገድም ጓዳም ነበር እንጂ፣ «መዝናኛ» ተብሎ ለብቻው የሚጠራ ነገር አልነበረም።

ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በያዘችበት ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ሥፍራው የጦር ሠፈር ሆነ። ይሁን እንጂ ዋናው ለውጥ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ ተከፈተ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በዚሁ ጊዜ ማክስ ጉተር የተባሉ ጀርመናዊ የከተማ ፕላን ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር የከተማዋን መሪ ፕላን አዘጋጁ። ዛሬ እንግዳ የሚያደንቃቸው ሰፋፊ፣ በዘንባባ የተዋቡ ጎዳናዎች ከዚያ ዘመን አስተሳሰብ የተወለዱ ናቸው።

የዚህም ትሩፋት ከጎብኚው ይልቅ ለነዋሪው ነው። የፋብሪካው ሠራተኛና የተቋሙ ተማሪ ከቀኑ ሥራ በኋላ በዛፍ ጥላ ሥር ተራምዶ ከውኃው ዳር ይደርሳል። በበዓል ቀን ጀልባ የተሳፈረ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች አይቶ፣ በዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ ተዘዋውሮ፣ ሳይመሽ ይመለሳል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ የወጣ ከተማውን፣ ሐይቁንና ወንዙን ባንድ ጊዜ ያያል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴም የሚርቀው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ነገር ግን ጉርብትና ግዴታም አለበት። በ1988 ዓ.ም. ገደማ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ሥፍራ የውኃ መቈጣጠሪያ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመሩ። ብርሃን በዛ፤ የፏፏቴው ግርማ ግን ቀነሰ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይስፋ እንጂ፣ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ሥፍራው እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከየእርሻው የሚታጠበው አፈርና ከከተማው የሚወርደው ቈሻሻ ቶሎ የሚጐዳው ስለዚህ ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው የእምቦጭ አረም ይህንኑ ለሁላችን አስረዳ።

ሌላው ጉዳት በዝግታ የመጣ ነው። ቦታው ዋጋ እያገኘ ሲሄድ ሆቴሉም መሥሪያ ቤቱም ፊቱን ወደ ሐይቁ፣ ጀርባውንና አጥሩን ወደ ሕዝቡ አደረገ። ከሽምብጥ እስከ ዓባይ ድልድይ በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ ሐይቁ በቅርብ እያለ በብዙ ሥፍራ የሚያየው የግንብ አጥር ሆነ። ከሁሉ አስቀድመው በዳርቻው የኖሩት ወይጦዎች መንደራቸው ከውኃው እየተገፋ ሄደ፤ ደንገሉም አብሮ ተመናመነ። ታንኳ ሠሪን ከደንገል አርቆ ታንኳን ለጎብኚ ማሳየት ደግሞ እንደ ሙያ ሰው ሊያሳፍረን የሚገባ ነገር ነው።

በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዝግቦታል። በቅርብ ዓመታትም የሐይቁን ዳር ለእግረኛ የመክፈት ሥራ መጀመሩ መልካም ነው። ሆኖም መዝገብ ብቻውን አረም አይነቅልም፤ የተነጠፈ ድንጋይም በዳርቻው የሚኖረውን ደኻ የሚያስነሣ ከሆነ ጉርብትናውን አይመልስም።

የሐይቅ ዳር ፕላን በእጃችሁ የሚያልፍ የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፤ ከእያንዳንዱ ሠፈር ወደ ውኃው የሚያደርስ አንድ ክፍት መንገድ መጠበቅ፣ የደንገሉን ዳርቻ ለደንገሉ መተው፣ ቈሻሻውንም ሳይጣራ ወደ ሐይቁ አለመልቀቅ ከሙያችን አቅም በላይ አይደሉም። ይህን ካልጠበቅን ልጆቻችን የሚወርሱት ስሙን እንጂ ባሕሩን አይሆንም።