ፊደሉ የማይታወቅ ገንዘብ

ገንዘብ ከተሠራበት አገር ርቆ ሲገኝ ሁለት ዋጋ ይኖረዋል። አንደኛው በሚዛን የሚታወቀው የወርቁ ወይም የብሩ ክብደት ነው፤ ሁለተኛው በላዩ የተቀረጸው ጽሕፈት የሚሰጠው የታሪክ ምስክርነት ነው። ፊደሉን የሚያነብ በጠፋበት ስፍራ ግን የፊተኛው ዋጋ ብቻ ይቀራል፤ አንጥረኛውም የማን ንጉሥ ስም እንደ ሆነ ሳያውቅ አቅልጦ ጌጥ ያደርገዋል። ከገንዘባቸው በቀር ሌላ ምስክር ያልተዉ ነገሥታት ስላሉ፥ በእንዲህ ያለው እሳት ገብቶ የቀረው ታሪክ ቀላል አይደለም።

እንዲህ ያለው ጽሕፈት እንዴት እንደሚነበብ ለመረዳት በአፍጋኒስታንና በሕንድ የተደረገውን ምርመራ መመልከት ይበቃል። ከታላቁ እስክንድር በኋላ በዚያ ምድር የግሪክ ዘር የሆኑ ነገሥታት ነግሠው ነበር። ገንዘባቸውንም በአንዱ ገጽ በግሪክ ፊደል፥ በሌላው ገጽ ኻሮሽቲ በሚባለው በአገሩ ፊደል ያስጽፉ ነበር። ኻሮሽቲ ግን ከዘመን ብዛት ተረስቶ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሚያነበው ሰው አልነበረም።

ከ1833 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ቻርልስ ማሰን የተባለው እንግሊዛዊ ከካቡል በስተሰሜን በምትገኘው በቤግራም እጅግ ብዙ የጥንት ገንዘብ ሰበሰበ። ሲያስተያይም በግሪኩ ወገን አንድ ስም በተጻፈበት ሁሉ፥ በማይታወቀው ወገን ዘወትር አንድ ዓይነት ምልክቶች እንደሚገኙ አስተዋለ። ይህንንም በካልካታ የገንዘብ ማተሚያ ቤት የወርቅና የብር ንጽሕና መርማሪ ለነበረው ለጄምስ ፕሪንሴፕ አስታወቀው።

የነገሩ ቍልፍ የሰው ስም ነበር። ሌላው ቃል ሲተረጐም ይለወጣል፤ ስም ግን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲተላለፍ ድምፁን ብዙ አይለቅም። የሜናንድሮስ ገንዘብ በግሪኩ ወገን «የንጉሥ፥ የአዳኝ፥ የሜናንድሮስ» ይላል፤ በሌላው ወገን ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበው «መሃራጃሳ ትራታራሳ ሜናንድራሳ» ነው። በሦስቱ ቃላት መጨረሻ ያለው «ሳ» የኛን «የ» ያህል ነው። ፕሪንሴፕ አስቀድሞ ቋንቋውን ከፋርስ ወገን መስሎት ስለ ነበር ብዙ ፊደላት አስቸገሩት፤ የሕንድ ቋንቋ የሆነው ፕራክሪት መሆኑን ከተረዳ በኋላ ግን በ1838 ንባቡ እጅግ ተቃና። ይህ ትጉህ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ በ40 ዓመቱ ሞተ።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይልቅ ያሳስታል፤ ፊደሉ ታውቆ ቋንቋው የማይታወቅ ሲሆን ነው። ከግሪኮቹ በኋላ የነገሠው የኩሻን ንጉሥ ካኒሽካ በገንዘቡ ላይ በግሪክ ፊደል «ሻኦናኖ ሻኦ» አስጽፏል። ቃሉ በግሪክ መዝገበ ቃላት አይገኝም፤ ባክትሪያን የሚባለው የአገሩ ቋንቋ ሲሆን «ንጉሠ ነገሥት» ማለት ነው። የግሪክ ፊደል የ«ሸ» ድምፅ ስለሌለው አንድ ምልክት ተጨምሮበታል። እኛም አማርኛን በግእዝ ፊደል ስንጽፍ ሸን፥ ቸንና ጨን ስለ ጨመርን፥ ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም።

የነዚህ የኩሻን ነገሥታት ወርቅ ወደ አገራችንም ደርሷል። በ1940 በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም ከ100 የሚበልጡ የቪማ ካድፊሴስ፥ የካኒሽካ፥ የሁቪሽካና የቫሱዴቫ የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተዋል። ፊደላቸው አስቀድሞ ባይነበብ ኖሮ ከወርቅነታቸው በቀር የሚነገርላቸው ነገር ባልነበረ። አሁን ግን የሕንድና የአክሱም አገር በንግድ እንደ ተገናኙ ይመሰክራሉ። የአክሱም ነገሥታትም የወርቅ ገንዘባቸውን አብዛኛውን ጊዜ በግሪክ፥ የብሩንና የመዳቡን ብዙውን በግእዝ ማስጻፋቸው፥ በባሕር ማዶ የሚነበበውንና በአገር ቤት የሚነበበውን ለይተው ማወቃቸውን ያመለክታል።

እንግዲህ በቍፋሮም ሆነ በእርሻ እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ሊያደርገው የሚገባ ነገር አለ። አይፋቀው፤ አይቅለጠው፤ የተገኘበትን ስፍራ ይጻፍ፤ ክብደቱንና ስፋቱን ይለካ፤ ሁለቱንም ገጽ አስመስሎ ይንደፍ ወይም ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ከዚያም ለሚመረምሩት ያሳይ። ፕሪንሴፕን የረዳው የአንድ ገንዘብ ውበት ሳይሆን፥ ማሰን ብዙዎቹን ጠብቆ ጎን ለጎን ማስተያየቱ ነው። ዛሬ የማይነበበው ነገ ሊነበብ ይችላል፤ የቀለጠውን ግን ማንም ሊቅ አያነበውም።