ስለ 11 መጻሕፍት የተደረገ ክርክር

ለልጅ የሚነበበውን መጽሐፍ መምረጥ የአባትና የመምህር ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን መምረጥና መንጠቅ አንድ አይደለም፤ ይህም ነገር በአሜሪካ ዳኞች ፊት እንዴት እንደ ተመረመረ ለአንባቢ መግለጥ ፈለግሁ።

በኒው ዮርክ አገር፣ በሎንግ አይላንድ፣ አይላንድ ትሪስ በሚባለው ወረዳ ሕዝብ የመረጠው የትምህርት ቤት ጉባኤ ነበረ። ከአባሎቹ ሦስቱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. አንድ የወላጆች ማኅበር ባደረገው ስብሰባ ተገኝተው፣ የተነቀፉ መጻሕፍት ስም የተጻፈበት ዝርዝር ይዘው ተመለሱ። ከዝርዝሩም 11 መጻሕፍት በትምህርት ቤቶቻቸው ስለ ተገኙ፣ በ1976 ዓ.ም. እንዲነሡ ታዘዘ። አሜሪካንን የሚነቅፉ፣ ክርስቲያንን የሚቃወሙ፣ አይሁድን የሚጠሉና የረከሱ ናቸው ተባለ።

ከነዚህ አንዱ ሪቻርድ ራይት የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የገዛ ሕይወቱን የጻፈበት፣ «ጥቁር ልጅ» የሚባለው መጽሐፍ ነው። ራይት በወጣትነቱ በሜምፊስ ከተማ ለጥቁር ሰው መጽሐፍ አይዋስም ስለ ተባለ፣ የአንድ ነጭ ሰው ካርድ ይዞ፣ ነጩ የላከው እየመሰለ ይዋስ እንደ ነበረ በዚሁ መጽሐፍ ይተርካል። ያን ጊዜ ሰውየውን ከመጻሕፍት ከለከሉት፤ በኋላ ደግሞ መጽሐፉን ከልጆች።

ጉባኤው ራሱ ከወላጆች 4፣ ከትምህርት ቤት ሠራተኞች 4 ሰዎች መርጦ መርምሩ አላቸው። እነርሱም 5ቱ ይቈዩ፣ 2ቱ ይውጡ አሉ፤ በ2ቱ አልተስማሙም፤ አንዱን ወላጅ ሲፈቅድ ብቻ ይሰጥ አሉ። ስለ ቀረው አንድ መጽሐፍ ግን ሁላቸውም ስላላነበቡት ፍርድ ሳይሰጡ ተዉት። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ደስ አለኝ። ሰሙን ብቻ ሰምቶ ባለቅኔውን የሚነቅፍ ተማሪ ከመምህሩ ምን እንደሚያገኘው በቅኔ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቃል። ጉባኤው ግን ምክንያቱን ሳይገልጥ የመረጣቸውን ሰዎች ምክር ትቶ፣ አንዱን መጽሐፍ ያለ ገደብ፣ «ጥቁር ልጅ»ን በወላጅ ፈቃድ መልሶ 9ኙን አስቀረ።

በ1977 ዓ.ም. ስቲቨን ፒኮ የተባለ ተማሪ ከ4 ባልንጀሮቹ ጋራ ጉባኤውን ከሰሰ። ክርክሩ ከዳኛ ወደ ዳኛ ሲወጣ ቈይቶ በ1982 ዓ.ም. ወደ ጠቅላዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኞቹም 5 ለ4 ተከፍለው ለተማሪዎቹ ፈረዱ። ዳኛ ብሬናን በጻፉት ቃል፣ ጉባኤው ለትምህርት የማይስማማውን መጽሐፍ ሊያወጣ ይችላል፤ በውስጡ ያለውን አሳብ ስለ ጠላ ብቻ ግን ከቤተ መጻሕፍት ሊያወጣው አይችልም አሉ። የተቃወሙት ዳኞች ነገርም ከንቱ አልነበረም፤ ወላጆች የመረጡትን ጉባኤ ዳኛ ስለ ምን ይሽረዋል ብለው ነበር። በብሬናን ቃል ሙሉ በሙሉ የተባበሩት ዳኞች ጥቂት ስለ ነበሩ፣ ጥያቄው ዛሬም በአሜሪካ ያከራክራል።

በዚያው ዓመት ጉባኤው መጻሕፍቱ እንዲመለሱ ወሰነ። ፒኮ ግን ትምህርቱን ጨርሶ ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጣ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።