አባ ሳሙኤል የያዘው ደለል

እንጦጦ ላይ የጣለ የሐምሌ ዝናብ አቃቂ በሰቃ እስኪደርስ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁለት ይወርዳል። ቀበናና ግንፍሌ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ትንሹ አቃቂ ደግሞ በምዕራብ ኮልፌንና መካኒሳን አልፎ በቃሊቲ በኩል ይመጣል። ሁለቱ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ያመራሉ። የላይኛው ከተማ ያጠበውና የደፋው ሁሉ መውረጃው እዚህ ነው።

ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አቃቂ የደረሰው በ1907 ዓ.ም ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሐዲዱ፣ ሜዳውና ወንዙ አንድ ላይ በመገኘታቸው ኋላ ላይ የጨርቃ ጨርቅና ሌሎች ፋብሪካዎች ተከተሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወንዙ አባ ሳሙኤል ላይ ተገደበ፤ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያም ተሠራ። ከተማዋ ለዓመታት መብራት ከዚያ አገኘች።

ግድቡን ያደከመው ከላይ የወረደው ነው። ጎርፍ ከተራቆተው ተዳፋትና ለግንባታ ከተቆፈረው መሬት አፈሩን እየጠረገ አመጣ፤ ደለሉ ሐይቁን እየሞላ ሄደ። የከተማው ፍሳሽ ያወፈረው እንቦጭ ደግሞ ውኃውን ከላይ አለበሰው። ጣቢያው በ1960ዎቹ ሥራ አቆመ። በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም ነው። ኃይሉ ተመለሰ፤ ደለል የሚልከው ተዳፋት ግን አልታደሰም።

አስፋልትና ቆርቆሮ የሸፈነው መሬት ዝናብ አያሰርግም። ዲቹ ለዝናብ ተቆፍሮ ሳለ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና ፌስታል ይለቀቅበታል፤ ክረምት ሲገባ ሁሉም አንድ ላይ ወንዝ ይገባል። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተስፋፋው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራ ትልቅ ሥራ ነው። ማጣራት የሚችለው ግን በመስመር የደረሰውን ብቻ ነው፤ ብዙ ቤት ደግሞ ከመስመሩ ጋር አልተገናኘም።

ተፋሰስን እንደ አንድ አካል ማስተዳደር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም ነው። ዓይኑ ግን በታችኞቹ የመስኖ እርሻዎች ላይ ነበር፤ አዋሽን ከላይ የምታቆሽሸው ዋና ከተማ ሳትጠየቅ ቆየች። የአዋሽ ተፋሰስ ባለሥልጣን ኋላ ላይ ሲመጣ ወንዙ ብዙ ጉዳት ደርሶበት ነበር።

በጀርመን የኤምሸር ወንዝም የከሰል ማዕድንና የከተሞች የፍሳሽ ቦይ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 በዳርቻው ያሉ ከተሞችና ኩባንያዎች በአንድ ማኅበር ተደራጅተው ወጪውን ተካፈሉ። ወንዙ ከፍሳሽ ነፃ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ከአንድ ከንቲባ ዘመን በላይ የሚዘልቅ ተቋም ይፈልጋል።

በ2011 ዓ.ም የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ዕቅድ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር ይጠይቃል ተባለ። በዚያው ዓመት ግንቦት 11 «ገበታ ለሸገር» በተባለው የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ላይ ለአንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ተከፈለ፤ የቻይና መንግሥትም ደገፈ። መናፈሻዎቹ መልካም ናቸው፤ እኔ ግን የዕቅዱ መፈተኛ አቃቂ ነው ባይ ነኝ። ጎርፉን የሚያዘገዩ ኩሬዎች፣ ከግንባታ የተጠበቀ የወንዝ ዳር፣ ለእያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ማጣሪያ ከሌለ ከላይ የተዋበው ወንዝ ከታች ያው ነው። በ2017 ዓ.ም የከተማው አስተዳደር ወንዝ በሚበክሉ ላይ ቅጣት የሚጥል ደንብ ማውጣቱ ተገቢ ነበር፤ ቅጣቱ ከጎጆ ይልቅ በትልልቆቹ በካዮች ላይ ሲውል ማየት እፈልጋለሁ።

ደንቡ የሚሠራው እስከ ከተማው ወሰን ነው፤ ወንዙ ግን ኦሮሚያ ተነሥቶ በከተማዋ አልፎ ተመልሶ ኦሮሚያ ይገባል። የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦችም ከወሰኑ ውጭ ሆነው ነው አዲስ አበባን የሚያጠጡት። በአቃቂ ዳር ደግሞ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን በወንዙ ውኃ ይለማል። ተመራማሪዎች በአፈሩና በአትክልቱ ውስጥ ከፋብሪካ የሚወጡ እንደ ክሮሚየም ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል፤ አትክልቱም ተመልሶ አዲስ አበባ ገበያ ይወጣል። ከተማውና ክልሉ በአንድ የውል ገበታ ሲቀመጡ፣ ከፋብሪካዎቹ ባለቤቶች ጎን ለእነዚህ አትክልት አምራቾችም ወንበር መያዝ አለበት።